አማቴ አዲስ አበባ ላይ የጠፉ ዕለት

ስለ አማቱ ሊያወራ የተነሳ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት አድማጩ ፈገግ ይላል። እናንተም ፈገግ ብላችሁ ከሆነ አልቀየማችሁም። ያን ቅዳሜ ግን እኔ ፈገግ አላልኩም። ምሳ ሳልበላ፣ ሚስቴ እያለቀሰችብኝ፣ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸውን ሴትዮ አስከትዬ አዲስ አበባን ስዞር ነው የዋልኩት። ዛሬ የምኖርበትን ቤት፣ ልጄ የተማረችበትን ትምህርት ቤት፣ ሌላው ቀርቶ ጎረቤቶቼን ያገኘሁት ከዚያች ዕለት ነው። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ያኔ ቦንጋ ከተማ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ክልል፣ ዞን የሚባለው ነገር ገና አፋችን ላይ አልረጋም። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ከኮሌጅ ስወጣ ዕጣ ከፋ ውስጥ ዋጫ ላይ ጣለኝ፤ ከዋጫ ቦንጋ መጣሁ፤ ቦንጋ ላይ አስቴርን አገባሁ። አስቴር የከፋ ልጅ ናት። ልጃችን ሜሮን ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። አራተኛዋ የቤታችን ሰው የአስቴር እናት እማማ ወለቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ አብረውን ይኖሩ ነበር። አማርኛ ይናገራሉ፣ ግን የራሳቸውን አማርኛ ነው። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቱን «አንተ» ሊሉ ይችላሉ፤ ሲደነግጡ ደግሞ ወደ ከፋ ቋንቋቸው፣ ወደ ካፊኖኖ ይገባሉ። በዚህ ማንም አይስቅባቸውም። እኔ በካፊኖኖ ስናገር ከሚሳቅብኝ አይብስማ።

ለዓመታት ስጠይቅ የኖርኩት የአዲስ አበባ ዝውውር በዚያ ክረምት ተፈቀደልኝ። እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ለአስቴር ነገርኳት።

«ደስ ይላል» አለች። «እማማ ምን አሉ?»

«እማማ ምን ይላሉ?»

«እሳቸው ካልፈቀዱ እኔ አልሄድም። ብቻቸውን ትቻቸው?»

እማማን ጠየቅኩ። ቡና ይለቅሙ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «እኔ ያላየሁት ከተማ ልጄን አልሰጥም» አሉ።

በቃ፣ ሁላችንም ተነስተን አዲስ አበባ መጣን። ያረፍነው ኮልፌ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ነበር። ሳምንቱ ግን ዝናብና ዘመድ ጨረሰው። አንዱ ቤት ገብተን ስንበላ ሌላው ዘመድ ይቀየማል፤ እሱ ጋ ስንሄድ ይዘንባል። እማማ ወለቴ ከተማውን ያዩት በመስኮት ነው ብል ይቀላል። ስለ ዝውውሩ አንድ ቃል አልወጣቸውም። እሁድ ማለዳ የጅማ አውቶቡስ ላይ ልንሳፈር ነው፤ የቀረችኝ ቅዳሜ ብቻ ናት። በአንዲት ቀን የአማቴን ልብ ለከተማው መግዛት ነበረብኝ።

ቁርስ ላይ እንደ ክፍል ውስጥ ቆሜ ዕቅዴን አስረዳሁ።

«መጀመሪያ ስድስት ኪሎ ሄደን አንበሳ እናያለን። ቀጥሎ ሙዚየም ገብተን የድንቅነሽን አጥንት እናያለን። ከዚያ ምሳ ክትፎ! መጨረሻ ላይ ፒያሳ ወርደን ኬክ።»

እማማ በጣታቸው ቆጠሩ። «አንበሳ፣ አጥንት፣ ክትፎ፣ ኬክ።»

«እንደሱ ነው እማማ!»

«ታዲያ አንበሳው ዘንድ ባዶ እጃችንን ነው?»

ቀልድ መሰለኝ። እሳቸው ግን ተነስተው ከቦንጋ ያመጧትን፣ ነጭ ማር የተረፈባትን ትንሽ ባለክዳን ባልዲ አነሱ፤ ማንኪያም ጨመሩ።

«እማማ፣ አንበሳ ማር አይበላም» አልኩ።

«ጠባቂ የለውም?» አሉኝ።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ሰዉ እንደ ጉድ ነው። ወያሎች «ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ!» እያሉ ይጮሃሉ፤ ሚኒባስ በሚኒባስ ላይ ተደርድሯል። እኔ ያን ሰሞን ከተማውን እንደ እጄ መዳፍ የማውቅ ሰው ሆኜ ነበር የምራመደው። «ተከተሉኝ፣ እንዳትበታተኑ» ብዬ ሰዉን በክርኔ ከፈልኩና ሜሮንን አስገባሁ፤ አስቴር ገባች፤ ዞር ብዬ የነጭ ነጠላ ጫፍ ያዝኩና «ይግቡ፣ ይግቡ እማማ» ብዬ ከኋላ ወንበር አስቀመጥኳቸው። እኔ ፊታቸው ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ፤ ሄድን።

ያኔ ነው ማስጎብኘት የጀመርኩት። አንገቴን ወደ ኋላ ቆልምሜ፣ «እማማ፣ ያ የሚታየው ጊዮርጊስ ነው። ይኸ ደግሞ ፒያሳ ይባላል፤ ማታ የምንመጣበት። ሕንጻው ቢበዛም አያስፈራም፤ ይለመዳል። እዚህ ብንኖር ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ጉልበትዎንም እናሳያለን…»

ከኋላዬ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እሺ ልጄ፤ እግዜር ይስጥህ» የሚል መልስ ይመጣል።

ልቤ ሞቀ። እማማ ወለቴ እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ አነጋግረውኝ አያውቁም። ከተማው እየሠራ ነው አልኩ በሆዴ። እየበረታሁ ሄድኩ። ስለ መብራቱ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ገበያው ነገርኳቸው። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ስንደርስ እንዲያውም፣ «እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ እርስዎን ከእናቴ ለይቼ አላይም» አልኩ።

ከኋላ የአፍንጫ መሳብ ተሰማኝ። ያለቅሳሉ።

ይኼኔ ሜሮን እጅጌዬን ጎተተችኝ። «አባዬ»

«ቆይ፣ ከአያትሽ ጋር እያወራሁ ነው።»

«አባዬ፣ እኚህኮ አያቴ አይደሉም።»

ዞርኩ። ነጠላው ነጠላ ነው፣ ዕድሜውም ያው ነው፤ ፊቱ ግን በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ፊት ነው። ሴትዮዋ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ፈገግ አሉልኝ።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አልኩ።

«በላይነሽ እባላለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ብዬ ነዋ! ጉልበትዎን እናሳያለን ስትለኝ አይ አይደለሁም ልበልህ? ለጉልበቴ ያሰበ ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ።»

አስቴር ጮኸች። እንዴት እንደጮኸች አልነግራችሁም፤ ሹፌሩ ያለ «ወራጅ አለ» ቆመ።

ወርደን ተቃራኒ ታክሲ ፍለጋ ስንሮጥ እትዬ በላይነሽም አብረውን ወርደው ነበር።

«እርስዎ የት ነው?» አልኳቸው።

«የእሳቸውን ወንበር ይዤ መጥቼ እንዴት ዝም ብዬ ቤቴ እገባለሁ? እስኪገኙ አብሬያችሁ ነኝ» አሉ። «ደግሞስ ቤቴ ሄጄ ምን ልሠራ? ልጆቼ ሁሉም አግብተው ወጥተዋል።»

ሙግት የሚገባበት ሰዓት አልነበረም። አንድ አማት ጥዬ አንድ አማት ይዤ ወደ አውቶቡስ ተራ ተመለስን።

እማማ ወለቴ የሉም። ከዳር እስከ ዳር አየን፤ የሉም። ያኔ እንደዛሬው በየኪሱ ስልክ የለ። ገንዘብ አልያዙም፤ የወንድሜን ቤት በስሙ እንኳ አያውቁትም። አስቴር ሰው መሃል ቆማ «እማዬ!» ስትል በዓይኗ ውስጥ ዝውውሬ ሲቀደድ አየሁት።

በመጨረሻ አንዱን ተራ አስከባሪ ጠየቅኩ። ጎረምሳ ነው፤ ጣቱን ይልሳል።

«ነጠላ የለበሱ፣ ባልዲ የያዙ እናት አላየህም?»

«የማሯ እናት?» አለና ፊቱ በራ። «እንዴት አላይም! ስድስት ኪሎ ባለው ሚኒባስ ጋቢና በነፃ አስቀመጥኳቸው። እንደሳቸው ያለ እናት ከኋላ ይታጨቃል እንዴ? ‹አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ› ብለው በማንኪያ አጎረሱኝ።» ደሞ ጣቱን ላሰ። «ምን ዓይነት ማር ነው በናትህ?»

«ስድስት ኪሎ!» አልኩ። «አንበሳው ጋ ነው የሄዱት!»

«በሕይወት አሉ» አለች አስቴር።

«ይኑሩ እንጂ፣ ጋቢና ተቀምጠው» አሉ እትዬ በላይነሽ። ትንሽ የቀኑ መሰለኝ።

ቀጥታ ስድስት ኪሎ ብንሄድ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ነገር ግን እኔ የተማርኩ ሰው ነኝና፣ መጀመሪያ ለፖሊስ እናመልክት አልኩ። ጣቢያ ገባን። ተረኛው ፖሊስ ቁጭ ብሎ አዳመጠን።

«መልካቸው ምን ይመስላል?»

«ቆንጆ ናቸው» አለች አስቴር እያለቀሰች።

«ልብስ?»

«ነጭ ነጠላ።»

«ዕድሜ?»

«ስድሳ አልፏቸዋል።»

ፖሊሱ ቀስ ብሎ ወደ እትዬ በላይነሽ ዞረ። ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። «እኚህ አይደሉም?»

«አይደሉም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ፤ አማቴን አጣቸዋለሁ እንዴ?»

ሜሮን ከጎኔ፣ «ቅድም አጥተሃቸዋል» አለች።

ፖሊሱ በአትኩሮት አየኝ። «ታዲያ እኚህ ማን ናቸው?»

ምን ልበል? «እኚህ… በስህተት የመጡ ናቸው።»

«በስህተት?»

«በፈቃዴ ነው የመጣሁት ልጄ» አሉ እትዬ በላይነሽ ኩራታቸው ተነክቶ። ከዚያ በኋላ ፖሊሱን ማስረዳት የፈጀብንን ጊዜ ባላነሳው ይሻላል። አንድ ቦታ ላይ እኔ ራሴ እትዬ በላይነሽን ከቤታቸው አታልዬ ያወጣሁ ሰው መስዬ ታይቼው ነበር። ስንወጣ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች።

አንበሳ ግቢ በር ላይ ከፎቶ አንሺዎቹ አንዱ ጥያቄያችንን ሳንጨርስ ያዘው።

«ማር የያዙ? ኧረ አሉ፣ ማለቴ ነበሩ። ‹ልጆቼ አሁን ይመጣሉ› ብለው እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጡ፣ አዋሯቸው፣ ትኬት ቆርጠው ይዘዋቸው ገቡ።»

«አንበሳውን አዩ?» አለች ሜሮን።

«አዩ። ‹ከስቷል፤ የኛ አገር ይበልጣል› አሉ። ጠባቂውን ማር አጎርሰው፣ ስለ አንበሳው ‹ይችን ልጅ ጥሩ አድርገህ ያዝ› ብለው አደራ ሰጡት። ከዚያ እንደገና ጠበቋችሁ። ስትቀሩ ‹አጥንት› አሉና ተነሱ። ተማሪዎቹም አብረው ሄዱ። ፎቶ ላንሳችሁ?»

አስቴር ለቀቅ አድርጋ ተነፈሰች። እኔ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እማማ ወለቴ አልጠፉም። ዕቅዴን እየፈጸሙ ነው! አንበሳ፣ አጥንት፣ ክትፎ፣ ኬክ። ቀድመን ካልደረስንባቸው በስተቀር ከኋላ ከኋላቸው ስንሮጥ መዋላችን ነው።

ወደ ሙዚየሙ በእግራችን ቁልቁል ሮጥን፤ እትዬ በላይነሽ ጉልበታቸውን ይዘው «ቀስ፣ ቀስ በሉ» እያሉ። አንዲት አስጎብኚ ድንቅነሽ ካለችበት መስታወት አጠገብ አገኘን። ስለ እማማ ስንጠይቃት አፏን በእጇ ያዘች፤ የምትደብቀው ሳቋን ይሁን እንባዋን አላወቅሁም።

«አጥንቷን አይተው በጣም አዘኑ» አለችን። «‹ዘመድ የላትም እንዴ? ማነው እንዲህ የተዋት?› ብለው ጠየቁኝ። ከሞተች ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው አልኳቸው። ‹ብትቆይስ?› አሉ። ከዚያ እዚህ ቁጭ ብለው ለቅሶ ደረሱ።»

«ለቅሶ ደረሱ?»

«አዎ። አብረዋቸው የነበሩትም ተማሪዎች ቁጭ አሉ። ሁለት ፈረንጆች ሊያዩ መጥተው ነበር፤ እነሱም ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እኔም… ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? ‹ነፍስ ይማር› ብለው ሲነሱ ለሁላችንም ማር ደረሰን።»

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እኚህን ሴትዮ ሳላውቃቸው ብቀር ኖሮ ምን እሆን ነበር» አሉ።

ከሙዚየሙ ስንወጣ ዝናቡ ወረደ። የክረምት ዝናብ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ በባልዲ። ከቅድስት ማርያም አጥር ሥር ተጠለልን። ሜሮን እርቦኛል ብላ ማልቀስ ጀመረች። አስቴር ነጠላዋን ለልጅቷ አልብሳ ዝናቡ ላይ ቆመች። ያን ያህል ጊዜ አብረን ስንኖር እንደዚያ ስታየኝ አይቻት አላውቅም።

«ይኸው ነው ከተማህ?» አለችኝ። «ይኸ ነው እናቴን የምታመጣበት? አሁን ጎርፍ ቢወስዳቸውስ? መኪና ቢገጫቸውስ? ማር ጎርሶ የሚሸኝ ሁሉ ሰው ነው? አንዱ ክፉ ቢያገኛቸውስ?»

እስከዚያ ድረስ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ያስቀኝ ነበር፤ አሁን ሳቁ ጨርሶ ጠፋ። የማላውቀው ሰው እማማ ወለቴን በጨለማ ሲጎትታቸው ታየኝ። ባርኔጣዬን አውልቄ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞርኩ።

«እመቤቴ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ አስቴር እንድትሰማም ጭምር፤ «እማማን በሰላም ካገኘሽልኝ፣ እኔ ስለ አዲስ አበባ ዝውውር ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ቦንጋ እኖራለሁ፤ ቦንጋ እሞታለሁ።»

አስቴር ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። «ስለት ነው?»

«ስለት ነው።»

«ሰምቻለሁ» አለች።

«እኔም ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ በላይነሽ። ምስክር ሞላ።

ዝናቡ ሲያባራ ክትፎ ቤት ፍለጋ ጀመርን። በየመንገዱ ያለ ክትፎ ቤት እየገባን «ማር የያዙ እናት» እንላለን። በባዶ ሆድ ይህን መጠየቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት፤ ቅቤው እየሸተተ፣ ጣባው እየቀረበ፣ እኛ ግን ጠይቀን እንወጣለን። አንዱ ቤት አስተናጋጇ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ስትል ሜሮን ተቀመጠች፤ አንስቼ ተሸከምኳት። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቤት ባለቤቷ ራሷ መጣች።

«ከተማሪዎች ጋር የመጡት? አሁን፣ አሁን ወጡ!» አለች። «ክትፎውን ከቆጮው ጋር ሳቀርብላቸው ቆጮውን አቅፈው ሊስሙት ምንም አልቀራቸው። ‹ያገሬ ምግብ ነው፤ እዚህም ዘመድ አለኝ› ብለው አሳቁን። ለእናንተ ቦታ አስይዘው ነበር፤ ያቻት ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ብለው ነጠላቸውን ጥለው ቆዩ። ስትቀሩ የእናንተንም ድርሻ ለተማሪዎቹ አበሏቸው።»

ከዚህ ሁሉ ያመመኝ ይህ ነው። የእኔን ክትፎ ተማሪ በልቶት ሄደ።

ፒያሳ ስንደርስ ሰማዩ ተከፍቶ ፀሐይ እርጥቡ አስፋልት ላይ ታበራለች። አንዱ ኬክ ቤት ሰፊ መስታወት አለው። ሜሮን ነች መጀመሪያ ያየቻቸው፤ «አያቴ!» ብላ አፈተለከች።

እማማ ወለቴ መሃል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ግራና ቀኛቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ አሉ። ፊታቸው የተገመሰ ኬክ አለ፤ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ክሬም አለ፤ ባዶዋ ባልዲ ጠረጴዛው ላይ እንደ አበባ ማስቀመጫ ተቀምጣለች። እኛን ሲያዩ አልተነሱም። ዓይናቸው ላይ ቁጣ አየሁ።

«የት ጠፋችሁ?» አሉ።

አስቴር አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «እኛ? እኛ ነን የጠፋነው?»

«ታዲያ እኔ ነኝ?» ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «አንበሳ አላችሁ፣ አንበሳ መጣሁ፤ የላችሁም። አጥንት አላችሁ፣ ሄድኩ፤ የላችሁም። ክትፎ አላችሁ፣ ወንበር ያዝኩ፤ የላችሁም። አንተ አስተማሪ አይደለህም? የተናገርከውን አታደርግም?» ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፣ «እነዚህ ልጆች ባይኖሩ ብቻዬን ነበርኩ። ያቺ ወንዱ ሕግ ይማራል፤ ይቺ ደግሞ ሐኪም ልትሆን ነው» አሉ። ተማሪዎቹ ተነስተው እጅ ነሱን። ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «ክትፎውንም ኬኩንም እኛ ነን የጋበዝናቸው፤ ቤተሰባቸው እስኪመጣ ብቻቸውን አንተዋቸውም ብለን ነው» አለችን። ሁለቱንም አቅፌ ሳምኳቸው።

እማማ ይኼኔ ከኋላዬ ያለውን ሰው አዩ። «ይኼ ማነው?» አሉ እትዬ በላይነሽን።

«እማማ፣ ይህ ረጅም ታሪክ ነው…»

«እኔ ነኝ ቦታዎን የያዝኩት» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ተሽቀዳድመው። «ልጅዎ እርስዎን መስዬው እንደ እናቱ እንደሚያይዎ፣ ጉልበትዎንም እንደሚያሳክም ነግሮኛል። ለእርስዎ የተላከውን ተቀብያለሁና ላደርስ መጣሁ።»

እማማ ወለቴ ወደ እኔ ዞረው ረጅም ጊዜ አዩኝ። በዓይኔ ውስጥ ምን እንዳዩ አላውቅም፤ የተናገርኩት ግን እውነት ነበር። ከዚያ ወንበር ስበው ለእትዬ በላይነሽ ሰጧቸውና የኬካቸውን ግማሽ ገፋ አደረጉላቸው። ሁለቱ ሴቶች እስኪመሽ የሚነሱ አልመሰሉም። እኛም ተቀመጥን፤ ከቁርስ ወዲህ የመጀመሪያውን ጉርሻዬን የበላሁት ከልጄ ሳህን የተረፈ የኬክ ቅርፊት ነው።

ሻዩ እየተጠጣ ሳለ እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«አሁን ስለ ዝውውሩ እናውራ» አሉ።

አስቴር ቀና አለች። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«ከተማውን አየሁት። ሰው አለው። ማንም እንግዳ ነሽ አላለኝም። ልጄን እሰጣለሁ። ራሴም እመጣለሁ።»

ሜሮን ወንበሯ ላይ ዘለለች። አስቴር ግን ወደ እኔ እያየች፣ «እማዬ፣ አሁን አይሆንም። ስለት ተስሏል። እርስዎ ከተገኙ ስለ ዝውውር አፌን አልከፍትም፣ ቦንጋ እሞታለሁ ብሎ ማርያም ደጅ ምሏል» አለች።

«ምስክር ነኝ» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ክሬም ያለበትን ማንኪያ አንስተው።

ኬክ ቤቱ ውስጥ አየር ያለቀ መሰለኝ። አሥር ዓመት የጠየቅኩት ነገር ተፈቅዶ፣ አማቴ ፈቅደው፣ ሚስቴ ልትፈቅድ ደርሳ፣ እኔ ራሴ በገዛ አፌ ዘጋሁት። ዝናብ ላይ ቆሞ መሳል እንዴት ያለ ጣጣ ነው!

እማማ ወለቴ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«አንቺ ምን አልሽ? አፌን አልከፍትም ነው ያልሽ?»

«አዎ እማማ።»

«በቃ። እሱ አፉን አይከፍትም። ቢሮ ሄዶ የሚያናግር ካስፈለገ እኔ እከፍታለሁ። እሱ ቦንጋ እሞታለሁ ካለ፣ ሲሞት ወስደን እንቀብረዋለን። እስከዚያ እዚህ ይኖራል።»

የሕግ ተማሪው ልጅ እጁን አጨበጨበ። «ክርክሩ ያዋጣል እማማ» አለ። አስቴር በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ሲጀምር መቆሚያ አጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔም፣ መጀመሪያ ላይ ፈገግ አላልኩም ያልኳችሁ ሰውዬ፣ በዚያች ሰዓት ሳቅሁ። ስለቴን በልቼ እንዳይሆን ግን ቦንጋ ስንመለስ እማማ ቄሱን ጠየቁልኝ፤ ቄሱም ታሪኩን ሦስት ጊዜ አስደግመው ከሳቁ በኋላ ለማርያም ጧፍ አስገባ ብለው አሰናበቱኝ።

እትዬ በላይነሽ ግቢያቸው ውስጥ ሰው የሌለበት ሰርቪስ ቤት ነበራቸው። መስከረም ሳይጠባ እዚያ ገባን።

አንባቢዎቼ፣ ያች ዕለት ምን ለወጠችብህ ብትሉኝ፣ ቤቴንና ከተማዬን ለወጠችብኝ ማለት ይቀለኛል። ውስጤን ስፈትሽ ግን ሌላ ነገር አገኛለሁ። እኔ እማማን ከተማ ላስለምድ ያመጣሁ መስሎኝ ነበር። ከተማ መልመድ ማለት ለእኔ መንገዱን ማወቅ፣ ሕንጻውን በስም መጥራት፣ በወያላ አለመታለል ነበር። ሰው ማናገር ከዚህ ውስጥ አልነበረም። እሳቸው ደግሞ መንገዱን አያውቁም፤ ያገኙትን ሰው ግን ሁሉ አዋሩት። ዛሬም ቢሆን አንድ ሰው ከክፍለ ሀገር ዘመድ መጥቶበት «ምን ላሳያቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የቦታ ስም ከመናገሬ በፊት እያሰብኩ እቆያለሁ። እናንተም ዘመድ ስታስጎበኙ አንዳንዴ እጃቸውን ልቀቁላቸው። ሙሉ በሙሉ ባይሆን እንኳ፣ ትንሽ።

በገባን በመጀመሪያው ወር መሆኑ ነው። ከአዲሱ ትምህርት ቤቴ ስመለስ ሰፈሩ ተምታታብኝ። አንዱ ቅያስ ከሌላው ጋር ተመሳሰለብኝና ሱቅ ገብቼ፣ «የእትዬ በላይነሽ ግቢ በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ባለሱቁ ከሚዛኑ ቀና ብሎ ቦርሳዬን፣ ክራባቴን፣ ጭቃ የነካውን ጫማዬን አየ።

«የእማማ ወለቴ አማች ነህ?» አለኝ።

ደብረ ብርሃን የታወቀ ቤተሰብ ልጅ፣ ዋጫና ቦንጋ ላይ መምህር ጋሽ ታደለ ስባል የኖርኩ ሰው፣ ትንሽ ክብሬን ላስታውሰው አሰብኩ። ተውኩት።

«አዎ» አልኩት። «እሱ ነኝ።»

ሚዛኑን ትቶ ወጣና እስከ ግቢያችን በር ድረስ ሸኘኝ።